ባለቁልፉ ፍራሽ

ጥቅምት 9

ይድረስ በባህር ላይ ለምትኖሪው ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል የኔ ሆድ? ውሃው እንዴት ይዞሻል? ደብዳቤ የሚጀመረው «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ስለሆነ፣ ደህና ነን። ፈጣሪ ከማዕበልም ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ።

በመጀመሪያ የጎረቤታችንን ልንገርሽ። ሹፌሩ፣ ያ ሲያስነጥስ እኛ ቤት ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠው፣ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑን ይዞ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና ኦፕራሲዮን ሆነ። አሁን ብታዪው በሁለት እጁ ባልዲ አንጠልጥሎ ደረጃ ይወጣል። ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት። እሱ «ይሄኛው ሴት ካልሆነች አላቆምም» ይላል፤ እሷ «እንግዲያው የሚቀጥለውን አንተ ውለድ» ትለዋለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም እንሰማለን። ሰውዬውን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያናድደኛል። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

አባትሽም ኦፕራሲዮን ሆኗል።

በስልክ «ወገቡን ትንሽ አሞት ነው» የምልሽ፣ ስልኩን የማነሳው አልጋው ራስጌ ሆኜ ስለሆነ ነው። አይኑን ያፈጥብኛል። ስለዚህ እውነቱን በወረቀት ነው የምነግርሽ፤ አንቺም በስልክ ያልሰማ ሰው ሁኚልኝ።

ያ ሁላችን «ጎንበስ ብሎ ሶፋ መስራት ያመጣው ነው» ስንለው የኖርነው የወገብ ህመም፣ ለካ የጀርባ አጥንቱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ኖሯል። ሱቁ ውስጥ የረገጣትን ሚስማር ታስታውሻለሽ? ስኳር ስላለበት ቁስሏ እምቢ ብላ ከርማ ነበር። ሐኪሙ ጀርሙ በዚያ ገብቶ፣ በደሙ ሄዶ አጥንቱ ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ሊሆን ይችላል ነው እንጂ ነው አይሉም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለታችንንም አስቀመጡን። «እኔን የሚያሳስበኝ ኦፕራሲዮኑ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» አሉን። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፣ ቢገጥምም መልሶ ሊመግል ይችላል አሉ። ሲጋራው አጥንቱ እንዳይያያዝ ያደርጋል። ክሳቱም ጥሩ አይደለም፣ ቁስል የሚሞላው ሰው ከሚበላው ነው። ኩላሊቱም ከስኳሩ ጋር ደክሟል፤ ዕድሜም አለ። ከሁሉ የባሰው መዘግየታችን ነው፤ እግሩ ቢላዋ ሳይነካው መዛል ጀምሯል፣ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ከሌላው ይልቅ ለጣጣ የተጋለጠ ነው አሉ። እኔ መቼም አላርፍ ብዬ «ጎረቤታችን ባልዲ ይሸከማል እኮ» አልኳቸው። «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ መስራት ስለለመደ አሁንም አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው። «ዶክተር፣ እንጨቱ የተበላ ሶፋ ሲያመጡልኝ እኔ ሌላ ግዙ ነው የምለው። እርስዎ ደፋር ነዎት።» ሐኪሙ ሳቁ። እኔ ሳቁን አልወደድኩትም።

መግሉን ጠርገው፣ ጀርባውን በብረት አያይዘው መለሱልን። ብዙ ሰዓት ፈጀ፣ ደምም ብዙ ፈሰሰው። አሁን እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። ገንዘብ እንዳትልኪ፣ አለን። ይልቅ ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። ያ አለቃሽ አሁንም ይጮሃል?

አክስትሽ

ኅዳር 20

ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ሁሉ ውሃ ማዶ ይድረስሽ። እጅሽን ስሜያለሁ።

ደብዳቤሽን ወደብ ላይ ነው የሰጡኝ። ልብስ ማጠቢያው ከመርከቧ ሆድ በታች ነው፣ መስኮት የለውም። የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃችን አሁንም ይጮሃል፤ ስሙን ካውያ ብለነዋል፣ ሲቆጣ እንፋሎት ስለሚወጣው። ያን ቀን ግን አይቶኝ ዝም ብሎ አለፈ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። የሆስፒታል ፍራሽ ምን እንደሆነ እማዬ ስትታመም አይቻለሁ፣ አጥንትን ከብረት ያገናኛል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መቀመጫ ሲያደላድል ኖሮ እሱ እንደዚያ አይተኛም። ለሲባጎ ንገሪልኝ። ከአባዬ ጋር ያን ያህል ዘመን ሰርቶ፣ ቅጥነቱን እያየን ስም ስናወጣለት እንኳ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ይሄን እምቢ አይለኝም። ለደህና ደንበኛ የሚሰሩትን ይስራለት፤ ጥጡ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ የሚሞላውን፣ እንዳይንሸራተት በሲባጎ ክር ተወግቶ ቁልፍ የሚደረግበትን። ቁልፉን ከሱቅሽ አንቺ ምረጪ። ክርና ቁልፍ ስትሸጪ ኖረሽ ለወንድምሽ መጥፎ እንደማትሰጪ አውቃለሁ። ለጥጡ የሚሆን ገንዘብ ከአንዲት ወደ አገር ከምትመለስ ጓደኛዬ ጋር ልኬያለሁ፣ እንዳትመልሺው።

ሁለት ነገር ደግሞ መልሺልኝ። እግሩን ያንቀሳቅሳል ወይ? እኔስ ልምጣ ወይ? ውሌ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ካፈረስኩት መልሰው አይቀጥሩኝም። ግን ነይ ካልሽኝ ከሚቀጥለው ወደብ እወርዳለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለማትረሳን ልጃችን፣

ጤናሽ ይብዛ፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን። የላክሽው ደርሷል፣ ጓደኛሽም ጨዋ ናት፣ ቁጭ ብላ ስለ ካውያ እያወራች አሳቀችን።

አባትሽ ቤት ገብቷል። ፍራሹን ብታዪው። ሲባጎና ሰራተኞቹ የደንበኛ ስራ አስቀምጠው ሰሩት። እኔ ከሱቄ ትልልቆቹን፣ በጨርቅ የሚለበጡትን ቁልፎች አወጣሁ፤ አንድ እንኳ ጠርዙ የተነካ አልሰጠሁም። ሲባጎ በረጅሙ መርፌ እየወጋ፣ ጉልበቱን አስደግፎ ክሩን ሲስበው ፍራሹ ቃ ይላል። ሲነጠፍለት አባትሽ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለ።

«የኔ» አለ ሲባጎ።

«አይ፣ የኔ እጅ ነው። አንተ ተውሰኸው ነው።»

ሲባጎ ለወትሮው የማይስቅ ሰውዬ ዞር ብሎ ሲስቅ ጀርባው ሲነቃነቅ አየሁት።

ተመችቶታል። እንደ ድሮው አይገላበጥም፣ ባስቀመጥነው ጎን ያድራል። ከሆስፒታል ሲወጣ አገላብጡት ብለውን ነበር፣ ግን ስንነካው ጀርባውን ያመዋል። «ተዉኝ፣ ተመችቶኛል» ሲል እንተወዋለን።

ሲጋራውን ትቷል። ማለቴ እኔ ሳየው ትቷል። የስኳሩ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ ጭማቂ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ «ጠጣ እንጂ፣ ደም ይሆንሃል» ይሉታል። እምቢ ካለ የሚቀየሙ ይመስለዋል። ዋናውን ምግብ ስሰጠው ደግሞ ሁለቴ ጎርሶ ይገፋዋል። በቆርቆሮ የሚሸጥ፣ በወተት የሚበጠበጥ፣ ለከሳ ሰው የሚሆን ዱቄት አለ አሉ። ወደብ ላይ ካየሽ ግዢልኝ።

የኦፕራሲዮኑ ቦታ ከታች በኩል ትንሽ ውሃ ቢጤ ይዟል፣ ይደርቃል ብለናል።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ አባትሽ «ውሏን ትጨርስ፣ እኔ የት እሄዳለሁ» ይላል። አንቺም አታስቢ። የሹፌሩ ሚስት ሆዷ ገፍቷል፣ ሴት ናት ብለው ስም እየመረጡ ነው።

አክስትሽ

ጥር 28

እትዬ፣

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። የመርከቧ መንገድ ተቀይሮ ደብዳቤሽ ያለሁበት ሳይሆን የነበርኩበት ወደብ ሄዶ ነው ዛሬ የደረሰኝ። ስልካችሁን ብሞክር መስመሩ አይገባም፤ ይሄንንም የትኛው ወደብ ተቀብሎ እንደሚያደርስልኝ አላውቅም።

ስለ እግሩ ጠይቄሽ ነበር። አልመለስሽልኝም። ሦስቴ አነበብኩት፣ ዘለልሽው።

መርከቧ ላይ ነርስ አለች፣ አንሶላዋን እኔ ስለማጥብላት እንግባባለን። ደብዳቤሽን ተርጉሜ ነገርኳት። ትኩሳት አለው ወይ አለች። ከቁስሉ የሚወጣው ውሃ ይሸታል ወይ፣ ስኳሩን ማን ይለካለታል፣ ጀርባውን በየቀኑ ገልጦ የሚያይ ሰው አለ ወይ አለች። ምኑንም አላውቅም። የማውቀው ፍራሹን ብቻ ስለሆነ ፍራሹን ነገርኳት፣ እየኮራሁ። ጥጡን፣ ሲባጎውን፣ ቁልፉን።

የምታጥፈውን ፋሻ አስቀመጠች። ከዚያ «ቁልፎቹ የት የት ጋ ናቸው?» አለችኝ።

እትዬ፣ እግሩ የዛለ፣ ምናልባትም ወገቡ የማይሰማው ሰው፣ የማይገላበጥ ሰው፣ ቁልፍ ላይ አይተኛም አለች። ስኳር ያለበት ከሆነ ደግሞ ቆዳው ቶሎ ይሞታል፣ የሚያመው ስለሌለ አይናገርም፣ ቁስል ቢወጣበትም ከኦፕራሲዮኑ ቦታ ሩቅ አይሆንም አለች። ይሄ ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ እባክሽ፣ አንብበሽ ሳትጨርሺ ፍራሹን አንሺው። ወይ ሲባጎ ቁልፎቹን ይቁረጣቸው።

ዱቄቱን ገዝቻለሁ። የማን እጅ እንደሚያደርሰው እየፈለግሁ ነው።

ልጅሽ

የካቲት 16

ለልጄ፣

በያለሽበት ሰላም ያሳድርሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤ ሳልጨርስ ላነሳው የምችለው ፍራሽ ግን አልነበረም፣ ቀድሞ ተነስቷል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ። ገላውን ላጥበው ከሹፌሩ ጋር ወደ ጎን አዞርነው። አንሶላው አብሮት መጣ። ተጣብቆ ነው። ውሃ እያርከፈከፍኩ ቀስ ብዬ ሳላቅቀው፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ ክብ ነገር አየሁ። ቅርጹን አወቅሁት። ስንት ዘመን በጣቴ ስቆጥረው የኖርኩት ነገር ነው። መሀሉ ጠቁሯል፣ ዳሩ ቀልቷል። አባትሽ «ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?» አለን፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለነበር። አልተሰማውም ልጄ። ስለ እግሩ የጠየቅሽኝንም ለዚህ ነው ያልመለስኩልሽ። ከወገቡ በታች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልተመለሰለትም። ይመለሳል ስል ቀን ገፋሁ።

ሹፌሩ እጁን ታጥቦ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሚስቱ ናት ያስገባችው።

በማግስቱ ትኩሳት መጣ። አሁን ሆስፒታል ነን። ያ ውሃ ቢጤ ያልኩሽም መግል ሆኗል። ሐኪሙ ሁለቱ ቁስሎች ተቀራርበዋል አሉ፣ የታችኛው ቆሻሻ ወደ ላይኛው ሳይሄድ አልቀረም፣ ብረቱ ላይ ከተቀመጠ መድኃኒት ብቻውን አያወጣውም አሉ። እንደገና መከፈት አለበት። ግን ስኳሩ አልወርድ ብሏል፣ ደሙ አንሷል፣ ኩላሊቱ መድኃኒቱን አልችል እያለ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ብከፍተው ከጠረጴዛው ላይ አይነሳም አሉ። ያ መጀመሪያ አስቀምጠው የነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ መጣ። ያኔ ሲናገሩ ሐኪም መቼም ያስፈራራል ብዬ ነበር።

ሲባጎ ቤት መጥቶ ቁልፎቹን ቆረጣቸው። ቁጭ ብሎ፣ አንድ ባንድ፣ እያንዳንዷን በመቀስ። ፍራሹን ያሰብሽው አንቺ፣ የሰራው እሱ፣ ቁልፉን የመረጥኩት እኔ፣ ተመችቶኛል ያለው ደግሞ አባትሽ። ማን ማንን ይቆጣል?

ዱቄቱን ተይው። ገንዘብም ተይ። ለእሱ ደብዳቤ ጻፊለት፣ ስለ በሽታ አንድ ነገር የሌለበት። እኔ አነብለታለሁ።

አክስትሽ

መጋቢት 5

ለምወድሽ እትዬ፣

ጉልበትሽን ፈጣሪ ይያዘው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ነርሷ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻይ ሰጠችኝ።

ብዙ አሰብኩ። ነይ አላልሽኝም። የባሰ ቢሆን ኖሮ ትይኝ ነበር፣ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ልብሽ አይችልም። ስለዚህ ስኳሩ እስኪወርድ፣ ሰውነቱ እስኪመለስ ጊዜ አለ ብዬ ወስኛለሁ። ውሌን ጨርሼ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሙሉ ደሞዜን ይዤ እመጣለሁ፣ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን ይሆነናል። አባዬን እስከዚያ ጠብቀኝ በይልኝ።

ለእሱ የጻፍኩት በሌላ ወረቀት ነው። ስለ መርከቧ ሶፋዎች ጻፍኩለት። አዳራሹ ውስጥ የተደረደሩት ቀይ ሶፋዎች ስፌታቸው ጠማማ ነው፣ ሳያቸው አባዬ ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ። እሱን ሲሰማ ይሳደባል፣ ሲሳደብ ደግሞ ይበረታል።

ልጅሽ

መጋቢት 19

ነይ ልጄ።

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፣ ቃሉን መጀመሪያ ልጽፈው ብዬ ነው። ጠይቀሽኝ ነበር፣ አንድ ቃል ይበቃኛል ብለሽ። እሱ ስለከለከለኝ ዝም አልኩ፣ አንቺ ዝምታዬን ተስፋ አደረግሽው። የቀጠረሽ ድርጅት ቢሮም ሄጄ ነበር፣ መርከቧ ባህር ላይ ናት፣ መልእክቱን በሚቀጥለው ወደብ እንሰጣታለን አሉኝ። ይሄም ደብዳቤ እዚያው ነው የሚጠብቅሽ።

ሐኪሙ ከሆስፒታል አስወጥተውታል። ድኖ አይደለም። «ቤቱ ይሻለዋል» ነው ያሉኝ፣ ጫማቸውን እያዩ። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን አይኖርም። ሲባጎ አዲስ ፍራሽ ሰርቶለታል፣ ለስላሳ፣ ቁልፍ የሌለበት። እያገላበጥነው ነው፤ አሁን ሲገላበጥ አያጉረመርምም፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

የጻፍሽለትን አነበብኩለት። ስፌታቸው ጠማማ ነው ያልሽው ጋ ስደርስ አይኑን ገለጠ። «ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ አልቆረጡትም» አለ። እንደገና አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት፣ ከመሀሉ ተኛ።

ሰው ግን አልጠፋም፣ ስለ ሰው አታስቢ። ትናንት የሹፌሩ ሚስት መጣች፣ የወለደችውን ይዛ። ሴት ናት። አልጋው ጫፍ አስተኛችለትና «ባርካት» አለችው። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ፣ ግን ምን እንዳላት አልሰማሁም። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ግባ ስለው «እኔ ጤነኛ ነኝ እኮ» አለኝ፣ እንደ ወንጀል። ከሱቄ ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ጭማቂ ይዛ መጣች። ስኳሩ ትዝ ሲላት ልትመልሰው አለች፤ «ስጪው፣ አሁን ምን ይጎዳዋል» አልኳት። አፌን ስሰማው ደነገጥኩ።

ቁስሉን የምታጥብለት ነርስ ዛሬ ጠዋት መጥታ ነበር። ስትጨርስ ወደ ኩሽና ጠራችኝና ልጆች አሉት ወይ አለችኝ። አንድ አለችው፣ ባህር ላይ ናት አልኳት። «ጥሯት» አለች። ጽፌላታለሁ ብዬ ዋሸኋት። ይኸው አሁን እየጻፍኩ ነው።

ከእሷ በኋላ ሲባጎ መጣ። አባትሽ ፍራሹን እንደ ልማዱ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ቁልፍ ከሌለው ይሄ ጥጥ ወደ ጎን ይሸሻል» አለው። ሲባጎ «ይሸሻል። ከሁለት ወር በኋላ ፈትቼ መልሼ እሞላዋለሁ» አለ።

«አትድከም» አለው አባትሽ። «እስከዚያ ይበቃል።»

ሲባጎ ትንሽ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አሻሸ፣ ተነሳ። በር ላይ ጫማውን እያሰረ ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው አለኝ። በመጨረሻው ደብዳቤዋ ሚያዝያ መጨረሻ ብላለች አልኩት። ክሩን አስሮ ጨርሶም ቀና አላለም።

«ሚያዝያ» አለ። ከዚያ ወጣ።